ጡረታ በሰው አገር



ስደት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው፣ ጉልበት ያለው ወጣት እንጀራ ፍለጋ ከድኻ አገር ወደ ባለጠጋ አገር ሲሄድ ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን በዚያው መንገድ ላይ በተቃራኒው ስለሚጓዘው ሰው ነው። ይኸውም በእንግሊዝ አገር ወይም በአሜሪካ፣ በጀርመን ወይም በአውስትራልያ ሠላሳና አርባ ዓመት አገልግሎ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ የሚከፈለው አበል በአገሩ ለቤት ኪራይና ለክረምት ማሞቂያ አልበቃ ሲለው፣ ወይም ብርዱና ብቸኝነቱ ሲሰለቸው፣ ሻንጣውን ይዞ ኑሮ ወደሚረክስበትና ፀሐይ ወደማይታጣበት አገር የሚሄደው ሽማግሌ ነው። ይህ ሰው የሚበላውን አያጣም፤ የሚያድርበትንም ቤት አያጣም። ዳሩ ግን በእርጅናው ዘመን አንድ አዲስ ሥራ ይይዛል፤ ሥራውም ወረቀት ማመላለስ ነው።

እንዲህ ያሉትን ጡረተኞች የሚቀበሉ አገሮች ብዙዎች ናቸው። ፓናማና ሜክሲኮ፣ ፖርቱጋልና እስፓኝ፣ ፊሊፒንስና ማሌዥያ ይገኙባቸዋል። ሁሉን እንዘርዝር ብንል ጊዜያችን ስለማይበቃን አንዲቱን፣ በቀድሞ ስሟ ሲያም ትባል የነበረችውን ታይላንድን እንውሰድ። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታይላንድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽማ እንግዳ አይደለችም። ከምዕራብ የመጣውን ነጭ ሰው «ፋራንግ» ይሉታል፤ የእኛም «ፈረንጅ» የእነርሱም «ፋራንግ» ፍራንክ ከተባለው ከአንድ የጥንት ሕዝብ ስም ተነሥቶ፣ በዐረብና በፋርስ አፍ ዞሮ የደረሰ ቃል ነው። የዘመን አቆጣጠራቸውም የራሳቸው ነው። እኛ ከአውሮፓውያን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስንቀር፣ እነርሱ ከቡድሃ ዕረፍት ጀምረው ስለሚቆጥሩ 543 ዓመት ይቀድማሉ። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ሕጋቸው የወጣበት ዓመት ለአውሮፓውያን 1979፣ ለእኛ 1971 ዓመተ ምሕረት ሲሆን ለእነርሱ 2522 ነው፤ ሕጉም የሚጠራው በዚሁ ቁጥር ነው። በአንድ ደብዳቤ ላይ ሁለት ዓመተ ምሕረት መጻፍ የለመድነውን እኛን ይህ ባያስደንቀንም፣ አዲስ የመጣው ፈረንጅ ግን በመንግሥት ወረቀት ላይ ከ2560 የሚበልጥ ዓመት ተጽፎ ሲያይ ለጊዜው ግራ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዕድሜው 50 ዓመት የሞላው የውጭ አገር ሰው በታይላንድ በጡረተኛነት ለመኖር ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ፈቃድ በሰዎች አፍ «የጡረታ ቪዛ» ይባላል እንጂ፣ ሕጉ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የቆይታ ፈቃድ ነው። ዓመቱ ሲሞላ እንደገና ይጠየቃል፤ እንደገናም ይመረመራል። ሃያ ዓመት በዚያ የኖረ ሰው ሃያ ጊዜ ጠይቆ ሃያ ጊዜ ተፈቅዶለት ነው፤ ሃያ ዓመት ስለ ኖረ ግን ሃያ አንደኛውን ዓመት የመኖር መብት የለውም። ፈቃዱ ወደ ቋሚ ነዋሪነት የሚያደርስ መንገድም አይደለም። ጡረተኛው የገባ ዕለትም እንግዳ ነው፤ ጠጉሩ ከነጣ በኋላም እንግዳ ነው። ደግሞም በዚህ ፈቃድ ሥራ መሥራት ክልክል ነው።

ለፈቃዱ የሚጠየቀው ዋናው ነገር ገንዘብ ነው። ጡረተኛው በታይላንድ ባንክ ውስጥ በስሙ 800,000 ባት ማስቀመጥ አለበት፤ ባት የገንዘባቸው ስም ነው። ወይም በየወሩ 65,000 ባት ገቢ ያለው መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ወይም ሁለቱን አዳብሎ በዓመት 800,000 ማሙላት ይችላል። በ2019 በወጣው ደንብ መሠረት፣ የተቀመጠው ገንዘብ ከማመልከቻው በፊት ሁለት ወር፣ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ሳይነካ መቆየት አለበት፤ ከዚያም በኋላ በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ቀን ከ400,000 ባት በታች መውረድ የለበትም። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የማራዘሚያው ዕለት የደረሰ እንደ ሆነ ጡረተኛው ዶሴውን ታቅፎ በማለዳ ወደ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ይሄዳል። በዶሴው ውስጥ የማመልከቻው ፎርም ከነፎቶግራፉ፣ የፓስፖርቱ ገጾች ግልባጭ፣ ባንኩ የጻፈለት የምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተሩ ግልባጭና የቤት ኪራይ ውሉ ይገኛሉ። በብዙ ቦታ ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ በር ድረስ የሚያደርሰውን መንገድ በእጁ ሥሎ እንዲያያይዝ ይጠየቃል። በእያንዳንዱ ግልባጭ ላይ በሰማያዊ ቀለም ይፈርማል። የባንኩም ወረቀት ትኩስ መሆን ስላለበት፣ ጠንቃቃው ሰው ባንክ ቤት ሲከፈት ገብቶ ጥቂት ባት ያስገባና ደብተሩን በዚያው ዕለት ያስመዘግባል። ክፍያው 1,900 ባት ነው።

ይህን ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች እንደምትኖሩ እገምታለሁ። እኔም የመሥሪያ ቤት ሰው እንደ መሆኔ መጠን ሳላስበው አልቀረሁም፤ ከእነዚህ ጡረተኞች መካከል ዕድሜያቸውን ሁሉ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጠው «አንድ ወረቀት ይጎድላል፤ ነገ ተመለስ» ሲሉ የኖሩ አይታጡም። አሁን ተራቸው ደርሶ እነርሱ ባለ ጉዳይ ሆነዋል። ዶሴ አያያዝ የሚያውቀውም ሰው በዚያ የሚቀለው ለዚህ ነው። ሀብታሙ ነጋዴ ሲበሳጭና ሲሟገት፣ የቀድሞው የመዝገብ ቤት ሹም ሁለት ሁለት ግልባጭ ይዞ ይመጣና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ይሄዳል።

ነገሩ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ነገር ግን ባለ ፈቃዱ በየዘጠና ቀኑ «እዚሁ አድራሻዬ ላይ አለሁ» ብሎ ማመልከት አለበት። ማመልከቻው ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ራሱ ቀርቦ፣ ወይም በወኪል፣ ወይም በፖስታ፣ ወይም በኢንተርኔት ሊያደርሰው ይችላል። ቀኑ ከመድረሱ በፊት 15 ቀን፣ ካለፈም በኋላ 7 ቀን ጊዜ ተሰጥቶታል፤ ከዚያ ያለፈው 2,000 ባት ይቀጣል። ከዚህም በቀር የቤቱ ባለቤት የውጭ አገር ሰው ሲያሳድር በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማስታወቅ ግዴታው ነው። ይህ ድንጋጌ በሕጉ ውስጥ ብዙ ዘመን ተኝቶ ከቆየ በኋላ በ2019 በጥብቅ ይሠራበት ጀመር። ለዘመድ ጥየቃ ወደ ሌላ አውራጃ ሄዶ ሦስት ቀን ያደረ ሰው ሁሉ ሲመለስ እንደገና ይመዝገብ ስለ ተባለ ትልቅ ስሞታ ተነሣ፤ በ2020 ደንቡ ላላ።

ደግሞ ከአገር መውጣት አለ። ጡረተኛው ልጁ ስታገባ ወይም ወንድሙ ሲሞት ወደ አገሩ ቢሄድና አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ባይወስድ፣ እግሩ ከድንበሩ እንደ ወጣ የዓመቱ ፈቃድ ይሰረዛል። የመመለሻው ፈቃድ ለአንድ ጊዜ 1,000፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት ያስከፍላል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ያለ ፈቃድ የቆየውም ለእያንዳንዱ ቀን 500 ባት፣ ቢበዛ እስከ 20,000 ባት ይቀጣል፤ ተይዞ ከሆነ ደግሞ ወደ አገሪቱ እንዳይመለስ ለዓመታት ይታገዳል።

የዕለት ኑሮውን የጠየቃችሁ እንደ ሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ነው። አንዳንዶቹ በሰሜን በተራራው ግርጌ ባለችው በቺያንግ ማይ ይኖራሉ፤ ሌሎቹ በባሕር ዳር በፓታያና በሁዋ ሂን ይቀመጣሉ። በሰሜን ምሥራቅ በኡዶን ታኒ የሚኖሩትም ጥቂቶች አይደሉም፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በዚያች ከተማ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፍሮ ስለ ነበረ፣ በወጣትነታቸው በወታደርነት ያዩአትን ከተማ በሽምግልናቸው ፈልገው የሄዱ አሉ። ጠዋት ከፀሐይ በፊት ተነሥቶ መንሸራሸር፣ የቡድሃ መነኮሳት በባዶ እግራቸው ምጽዋት ሲቀበሉ ማየት፣ ከገበያ ፓፓያና ማንጎ ገዝቶ መመለስ፣ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ሙቀቱን ሸሽቶ ማረፍ፣ ማታ ከመንገድ ዳር ሻጭ ትኩስ ሾርባ መጠጣት የዘወትር ነገር ነው። ወደ ሰው ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ሰላምታቸው ሁለት እጅን አጋጥሞ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው፤ የታላቅና የታናሽ ወግ ስላለው፣ ታናሹ ቀድሞ እጅ ይነሣል። እኛ ቶሎ የምንገባው ወግ ነው።

ቋንቋው ግን ያስቸግራል። 44 ተነባቢዎች ያሉት የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ድምፁም በአምስት ዓይነት ይወጣል ይወርዳል። «ማ» የሚለው አንድ ቃል እንደ አነጋገሩ መምጣት፣ ወይም ውሻ፣ ወይም ፈረስ ይሆናል። አሥር ዓመት ኖሮ ከገበያ ቃል በቀር የማይችል ብዙ ነው፤ ይህ ሰው መስኮቱ ዘንድ ሲቀርብ የሚናገርለት ሚስቱ ወይም የከፈለው ሰው ነው። በቺያንግ ማይ ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው የበጋ ወራት እርሻውና ደኑ ስለሚቃጠል ሰማዩ በጢስ ይጨልማል፤ ሳንባቸው የደከመ ሽማግሌዎች በዚያ ወራት ወደ ባሕር ዳር ይሸሻሉ።

ቤት መሥራት ያማረው ሰው ሌላ ግድግዳ ያጋጥመዋል። የውጭ አገር ሰው በታይላንድ መሬት መግዛት አይችልም። በኮንዶሚኒየም ውስጥ መኖሪያ ሊገዛ ይችላል፤ ይህም ቢሆን በአንድ ሕንፃ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ድርሻ ከመቶ 49 ማለፍ የለበትም። የአገሩን ሴት ያገባው መሬቱን በእርሷ ስም ይገዛል፤ በምዝገባውም ቀን ገንዘቡ የእርሷ የግል ሀብት ነው ብሎ በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይደረጋል። ቆጥቦ ያመጣውን ሁሉ በአንድ ፊርማ የእኔ አይደለም ማለት ነው። ጋብቻው የጸና ከሆነ ምንም አይደለም። ጋብቻው ከፈረሰ ግን ቤቱ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

አበሉም ቢሆን ከአገሩ እንደ ወጣ አይኖርም። የእንግሊዝ መንግሥት የጡረታ አበል በአገር ውስጥ በየዓመቱ ሲጨመር፣ በታይላንድ ለሚኖረው እንግሊዛዊ ግን በወጣበት ጊዜ በነበረው ልክ ቆሞ ይቀራል። ባሕር ተሻግራ ያለችው ፊሊፒንስ ስምምነት ስላላት በዚያ ለሚኖረው ይጨመርለታል። በ65 ዓመቱ የበቃው አበል በ80 ዓመቱ የገበያው ዋጋ ጥሎት ይሄዳል፤ የ65,000 ባቱ መስፈሪያ ግን አይቀንስለትም። በዚህ ላይ ቀድሞ ገቢያቸውን በኤምባሲያቸው ደብዳቤ ያስረዱ የነበሩት አሜሪካኖች፣ እንግሊዞችና አውስትራልያውያን፣ ኤምባሲዎቻቸው በ2018 መጨረሻ ደብዳቤውን መስጠት ስላቆሙ ከዚያ ወዲህ ወይ ገንዘቡን በየወሩ ከውጭ ማስገባት፣ ወይ 800,000ውን ማስቀመጥ ግድ ሆኖባቸዋል። ሁለቱንም ያልቻለው ጉዳይ አስፈጻሚ ይቀጥራል፤ አስፈጻሚውም ገንዘቡን ለጥቂት ቀን በስሙ አስገብቶ ያወጣለታል ይባላል። በዚህ መንገድ የገባ ሰው በየዓመቱ በፍርሃት ይታደሳል።

እንግዲህ ያዙልኝ ወዳልኩት ቁጥር እንመለስ። ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው አንድ ጡረተኛ ድንገት ልቡን ታመመ እንበል። ሆስፒታሎቹ ጥሩዎች ናቸው፤ ሐኪሞቹም የሠለጠኑ ናቸው፤ ሒሳቡ ግን ይከፈላል። አሜሪካዊ ከሆነ ለሽማግሌዎች የተቋቋመው የአገሩ የሕክምና መድን፣ ሜዲኬር የሚባለው፣ ከጥቂት ነገር በቀር ከአገር ውጭ አይከፍልም። አዲስ ኢንሹራንስ ልግዛ ቢል፣ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ዕድሜው የገፋውን አዲስ ደንበኛ አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም ቀድሞ የነበረውን በሽታ አይሸፍኑም። እጁ ላይ ያለው ገንዘብ በባንክ የተቀመጠው 800,000 ባት ነው። ሕይወቱን ለማዳን ከዚያ ቢያወጣና ከ400,000 በታች ቢወርድ፣ ከሆስፒታል ድኖ ይወጣና የሚቀጥለውን ዓመት ፈቃድ ያጣል። ገንዘቡ የእርሱ ነው፤ ስሙም ተጽፎበታል፤ ግን ለክፉ ቀን አይሆንም። መንግሥት ያን ገንዘብ የጠየቀው እንግዳው ሸክም እንዳይሆንበት ለራሱ ዋስትና ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። እንግዳው ግን ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው፣ ያን ዋስትና የራሱ ዋስትና አድርጎ በመቁጠሩ ነው። በዚያ የሚኖር ሰው ሁለተኛ ገንዘብ፣ ማንም የማይቆጥርበት፣ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ አለበት። ይህ የሌለው ሰው ባይሄድ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ኢንሹራንስ ካነሣን፣ የደንቡ ሥራ የሚያስገርም ነው። ከጥቅምት 31 ቀን 2019 ጀምሮ፣ ቪዛውን ከአገሩ ሳለ ከኤምባሲ የወሰደው ጡረተኛ የጤና ኢንሹራንስ እንዲኖረው ተገደደ። መጠኑም መጀመሪያ ለተኝቶ ሕክምና 400,000፣ ለተመላላሽ 40,000 ባት ነበር፤ በኋላ ወደ 3,000,000 ባት ከፍ አለ። በሌላ ዓይነት ቪዛ ገብቶ ፈቃዱን እዚያው ያወጣው ጎረቤቱ ግን አይጠየቅም። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ደረጃ ላይ በር ለበር እየኖሩ፣ አንደኛው በየዓመቱ ለኢንሹራንስ ሲከፍል ሌላው አይከፍልም፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርታቸው ላይ በተመታው ማኅተም ነው።

ደንቡም አይቆምም። በ2022 ለባለጠጋ ጡረተኞች የአሥር ዓመት ቪዛ ወጣ፤ ለዚህ ግን በዓመት እስከ 80,000 የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ገቢ ይጠየቃል። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በዓመት 180 ቀን በአገሩ የተቀመጠ ሰው ከውጭ የሚያስገባው ገቢ ግብር የሚታሰብበት ሆኗል፤ ከአገሩ ጋር የተደረገው የግብር ስምምነት ምን ይላል ብሎ መመርመር የጡረተኛው ፈንታ ነው። ጎረቤቷ ማሌዥያ በ2021 የወር ገቢውን መስፈሪያ ከ10,000 ወደ 40,000 ሪንጊት በአንድ ጊዜ አሳደገችና ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑም ለወጠችው። ፓናማ በአንጻሩ ዕድሜ ልክ የሚከፈል የወር 1,000 ዶላር አበል ላለው ጡረተኛ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጣለች። አገር የሚመርጥ ሰው ስለ ባሕሩና ስለ ኪራዩ ከመጠየቁ በፊት፣ ፈቃዱ ዓመታዊ ነው ወይስ ቋሚ ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ከእናንተም መካከል በውጭ አገር ዜግነት የወሰደ ወንድም ወይም አክስት ኖሯችሁ «ሳረጅ እገባለሁ» የሚላችሁ ይኖራል። የእርሱ ነገር ከዚህ ይለያል። በ1994 ዓመተ ምሕረት በወጣው በአዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድም ይኖራል። መታወቂያውን ግን ጡረታው ሳይደርስ፣ የትውልድ ማስረጃ የሚሆኑት ወረቀቶችና የሚመሰክሩለት ሰዎች ሳይጠፉ ቢያወጣ መልካም ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ሞት ነው፤ ዶሴውም የሚዘጋው በዚያ ነው። የውጭ አገር ሰው በታይላንድ ሲሞት ፖሊስ ለኤምባሲው ያስታውቃል፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሞት ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ሬሳው ለቤተ ሰብ እንዲሰጥ ኤምባሲው ይጽፋል። ብዙዎቹ በቡድሃ ቤተ መቅደስ ሬሳቸው ይቃጠላል፤ ይህ አስከሬን በአውሮፕላን ከመላክ እጅግ ይረክሳል። በባንክ የቀረው ገንዘብ ግን ፍርድ ቤት አጣሪ እስኪሾም ድረስ ለሚስትም ቢሆን አይከፈልም። ስለዚህ ብልሆቹ ሽማግሌዎች በታይ ቋንቋ የተጻፈ ኑዛዜ ያዘጋጃሉ፤ ለቀብርም የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በሚስታቸው ስም ለብቻ ያስቀምጣሉ። ኑዛዜውን፣ የፓስፖርቱን ግልባጭ፣ የኤምባሲውን ስልክና የልጆቻቸውን አድራሻ በአንድ ፖስታ አሽገው፣ በየዘጠና ቀኑ ከሚያወጡት ዶሴ ሥር ያኖሩታል። ሚስትየዋም የት እንዳለ ታውቃለች።